ሲጋርን መመዘን፦ የቀመሱት ጣዕም ከየት እንደመጣ መለየት

በእጅ የተጠቀለለ ምርጥ ሲጋር የሚያጣጥም ሰው «ይህ ጥሩ ነው፣ ያኛው መራራ ነው» ሲል የሚሰጠው ፍርድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያ ምሬት ከአራት የተለያዩ ምንጮች ሊመጣ ይችላል። ከቅጠሉ፣ ከጠቀለለው እጅ፣ ከተቀመጠበት ሁኔታ፣ አልያም ከራሱ ከአጫሹ ችኮላ ሊሆን ይችላል። ሲጋርን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የያዙ ሰዎች በልምድ ከሚያዳብሩት ችሎታ ትልቁ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተሰማቸው ነገር ከአራቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ነው። የጣዕም ስም መደርደር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት ነገር አለ። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራን ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። የሲጋር ጭስ ወደ ሳንባ ሳይወርድ አፍ ውስጥ ቆይቶ የሚወጣ መሆኑ ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ይሁን እንጂ ጭሱ ከሲጋራ ጭስ ይልቅ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ ባሕርይ ያለው) ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ወደ ደም ይገባል። ሲጋር ማጨስ ከአፍ፣ ከጉሮሮ፣ ከምግብ ቧንቧና ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በሕክምና የተረጋገጠ ነው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ጭሱም አጠገብ ያለውን ሰው ይጎዳል። በእጅ መሠራቱም ሆነ ውድ መሆኑ ከዚህ አያወጣውም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን አውቆ ለወሰነ አዋቂ የተጻፈ ነው።

ሲጋር ሦስት ክፍሎች አሉት፦ መሐሉን የሚሞላው ሙሌት፣ ሙሌቱን ይዞ ቅርጽ የሚሰጠው ማሰሪያ ቅጠል፣ እንዲሁም ከላይ ተጠቅልሎ የሚታየው ልባስ። ምርጥ የሚባሉት ሲጋሮች ከተራዎቹ የሚለዩት በዋናነት በሙሌቱ ነው። በእነዚህ ውስጥ የሙሌቱ ቅጠሎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጡ የሚዘልቁ ሲሆኑ፣ በማሽን የሚመረቱት ርካሽ ሲጋሮች ግን ብዙውን ጊዜ የተከታተፈ ትምባሆ ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹም ልባሳቸው ከተፈጨ ትምባሆ እንደ ወረቀት የተዘረጋ ነው። ረጅም ቅጠል በዝግታና በእኩል ይነዳል፣ አመዱም ቶሎ አይረግፍም። ክትፍ ትምባሆ ግን ፈጥኖ ይግላል፣ ፍርፋሪውም አፍ ውስጥ ይገባል።

ሙሌቱ አንድ ዓይነት ቅጠል ብቻ አይደለም። ከአንድ የትምባሆ ተክል ላይ ሳይቀር የሚለቀሙት ቅጠሎች እንደየቦታቸው ይለያያሉ። ከታች ያሉት፣ ቮላዶ የሚባሉት፣ ስስና ለስለስ ያሉ ናቸው፤ ጣዕማቸው ትንሽ ቢሆንም በደንብ ስለሚነዱ ሲጋሩ እንዳይጠፋ ያግዛሉ። ከመሐል የሚገኘው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል። ከላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየው ሊሄሮ ደግሞ ወፍራምና ቅባታማ ነው፤ ኒኮቲኑ የበዛ፣ አነዳዱም የዘገየ ነው። ሲጋር የሚቀምረው ባለሙያ ሥራ እነዚህን በመጠን ማደባለቅ ነው፤ ጠቅላዩም ሊሄሮውን ከመሐል ያስቀምጠዋል፣ ወደ ዳር ቢወጣ በዚያ በኩል እሳቱ ወደኋላ ይቀራልና። ስለዚህ ሲጋሩ በአንድ ጎን እየነደደ በሌላው ሲቀር ጥፋቱ የቅጠሉ ጥራት ማነስ ላይሆን ይችላል፤ ቅጠሉ ያረፈበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

ቅጠሉ ከእርሻ ወደ መጠቅለያ ጠረጴዛ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው። በመጀመሪያ ነፋስ በሚያልፍበት የማድረቂያ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለሳምንታት ይደርቃል፤ አረንጓዴነቱ ይጠፋና ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ማብላላት ለጣዕሙ ወሳኝ የሆነው ደረጃ ነው። ቅጠሎቹ በትንሹ ረጥበው፣ ፒሎን በሚባል ትልቅ ክምር ይደረደራሉ፤ ክምሩ በራሱ ክብደትና እርጥበት ውስጡ ይግላል፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ሠራተኞቹ መሐሉ ላይ በተሰካ ቴርሞሜትር ሙቀቱን ይከታተላሉ፤ ከተፈለገው በላይ ሲወጣ ክምሩን ያፈርሱና ዳር የነበረውን ወደ መሐል፣ መሐል የነበረውን ወደ ዳር አድርገው እንደገና ይደረድሩታል። ይህ ሲደጋገም ቅጠሉ አሞኒያ ይለቃል፤ ብዙ ክምር ያለበት ክፍል የሚገባ ሰው ዓይኑ የሚያነባው በዚህ ምክንያት ነው። ሂደቱ ሳይጠናቀቅ የተጠቀለለ ሲጋር ያንኑ አሞኒያ ይዞ ይወጣል፣ አፍንጫን የሚወጋ ሹል ሽታም ይሰጣል። ይህን ሽታ «ኃይለኛ ሲጋር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይሳሳታል። ሲጋሩ ገና ጥሬ ነው፤ ወራት ወይም ዓመት ሲቀመጥ ሽታው እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለ ልባስ የሚወራው ብዙ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በአሜሪካው የኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ ከ1900 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በጨርቅ ጥላ ሥር የሚበቅለው ልባስ ስስና ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። በኢኳዶር ደግሞ የደመናው ሽፋን ራሱ የጥላውን ሥራ ይሠራል። የካሜሩን ቅጠል ጥቃቅን እብጠቶች ያሉበትና ጣፋጭ ቅመም የሚሸት ነው፤ የሜክሲኮው የሳን አንድሬስ ሸለቆ ቅጠል ወፍራምና ረጅም ማብላላትን የሚችል በመሆኑ ማዱሮ ለሚባሉት ጥቁር ልባሶች ይፈለጋል። ከዚህ ተነሥቶ «የጠቆረ ሲጋር ኃይለኛ ነው» የሚለው እምነት በጣም ተስፋፍቷል፤ ትክክል ግን አይደለም። ማዱሮ የሚጠቁረው በአብዛኛው ረዘም ላለ ጊዜና በከፍተኛ ሙቀት ስለሚብላላ ነው፤ ይህም ጣዕሙን ወደ ካካዎና ወደ ተቃጠለ ስኳር ይወስደዋል እንጂ ኒኮቲኑን የግድ አይጨምርም። ጥቁር ልባስ ያለው ገር ሲጋር አለ፤ ወርቃማ ልባስ ለብሶ በሊሄሮ የተሞላ፣ ልምድ የሌለውን ሰው የሚያዞር ሲጋርም አለ።

የትውልድ አገርም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። የኩባ ዝና የመጣው በምዕራብ ካለው የፒናር ዴል ሪዮ ክፍለ አገር፣ በተለይም ቩኤልታ አባሆ ከሚባለው አካባቢ አፈር ነው፤ ዝናው ያለምክንያት አልመጣም። ነገር ግን የኩባ መንግሥት በ1960 እ.ኤ.አ. የትምባሆ ኢንዱስትሪውን ከወረሰ፣ አሜሪካም በየካቲት 1962 እ.ኤ.አ. የንግድ ማዕቀብ ከጣለች በኋላ፣ ከደሴቲቱ የወጡ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ኒካራጓ ሄዱ። ዛሬ የሳንቲያጎ፣ የዳንሊና የኤስቴሊ ከተሞች በዓለም ከሚታወቁት የሲጋር መሥሪያ ማዕከሎች መካከል ናቸው። በዚሁ ታሪክ ምክንያት እንደ ሞንቴክሪስቶ፣ ፓርታጋስ፣ ሮሜዮ ኢ ሁሊዬታና ኮሂባ ያሉ ስሞች በሁለት የተለያዩ አምራቾች እጅ ይገኛሉ፦ አንዱ የኩባ፣ ሌላው ከኩባ ውጭ ተሠርቶ ለአሜሪካ ገበያ የሚቀርብ። ስማቸው አንድ፣ ቅጠላቸውና ቅምሩ ግን የተለያየ ነው፤ ስለ አንዱ የተነገረው ምስጋና ለሌላው አያገለግልም።

መጠንን በሚመለከት ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ ውፍረቱ 50 የሆነ፣ ሮቡስቶ የሚባለው አጠር ያለ ሲጋር 50/64 ኢንች፣ ማለትም ወደ 20 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ 124 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ላንሴሮ የሚባለው ቀጭን ሲጋር ደግሞ ውፍረቱ 38፣ ርዝመቱ 192 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ውፍረት ከ38 ወደ 50 ሲያድግ በተመሳሳይ ርዝመት ውስጥ ያለው ሙሌት ከ70 በመቶ በላይ ይጨምራል፣ ልባሱ ግን የሚጨምረው በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር በቀጭን ሲጋር ላይ የልባሱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፣ በወፍራሙ ላይ ይሰጥማል። ያው ቅምር በሁለት መጠን ሲቀርብ ሁለት የተለያየ ጣዕም የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱን ቀምሶ ሁለተኛውን መገምገምም አይቻልም።

አሁን ወደ እጁ ሥራ እንለፍ። ጠቅላዩ፣ በስፔንኛ ቶርሴዶር፣ የሙሌቱን ቅጠሎች አንድ በአንድ በመዳፉ ላይ ያጥፋቸዋል፤ በቅጠሎቹ መካከልም አየር የሚያልፍባቸው ቀጫጭን መንገዶች መቅረት አለባቸው። እነዚህ መንገዶች ከተደፈኑ ሲጋሩ አይሳብም፤ ከበዙ ደግሞ ጭሱ ይግላል፣ ትምባሆውም ቶሎ ያልቃል። የአሠራሩን ጥራት ሳይለኩሱ በከፊል ማወቅ ይቻላል። ሲጋሩን በሁለት ጣት ይዞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በቀስታ ጫን ጫን ሲያደርጉት ጥንካሬው እኩል መሆን አለበት። ድንጋይ የሚመስል ቦታ ካለ እዚያ ቅጠል ተጠምዟል ማለት ነው፤ ባዶ ሆኖ የሚሰምጥ ቦታ ካለም እዚያ እሳቱ መሿለኪያ ይከፍታል። ልባሱ ላይ የሚታዩ ወፍራም ጅማቶች ለዓይን አያምሩም፣ ጣዕምን ግን ብዙም አይነኩም። ከተቆረጠ በኋላ ሳይለኮስ ሳብ አድርጎ መሞከርም ጥሩ ነው፤ ትንፋሹ ጥቂት ተቃውሞ ሊገጥመው ይገባል እንጂ መታገል የለበትም።

ጨርሶ አልሳብ ያለ ሲጋር ሲያጋጥም ከመጣሉ በፊት ማድረግ የሚጠቅም ነገር አለ። በስለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቆ መክፈት ነው። ልባሱ ይላቀቃል፣ ከሥሩ ማሰሪያው ይታያል፣ ከዚያም የሙሌቱ ቅጠሎች እንደተጣጠፉ ይዘረጋሉ፤ ከመሐላቸው እንደ ገመድ የተጠመዘዘ አንድ ቅጠል ወይም ሳይወጣ የቀረ ወፍራም የቅጠል መሐል ጅማት ቋጠሮ ሠርቶ ይገኛል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የጠቅላዩ ነው። ምንም ቋጠሮ ከሌለና ቅጠሎቹ በጣት ሲነኩ ስፖንጅ መስለው የሚረጥቡ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማስቀመጫው ነው፤ እርጥበት የጠጣ ቅጠል አብጦ የአየር መንገዱን ዘግቶታል።

ማስቀመጫ ከአራቱ ምንጮች ሁሉ ብዙ ሲጋር የሚያበላሸው ይመስለኛል። በተለምዶ የሚመከረው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ፣ ሙቀቱም ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሂዩሚዶር የሚባለው ሳጥን ውስጡ በስፔን ሴዳር ይለበጣል፤ ይህ ዛፍ ስሙ ሴዳር ቢሆንም ዘመዱ ማሆጋኒ ነው፣ እርጥበትንም እየወሰደና እየመለሰ ሚዛን ይጠብቃል። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣ የእርጥበት መለኪያ ግን ሳይፈተሽ መታመን የለበትም። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የገበታ ጨው በጥቂት ውኃ ሳይሟሟ እንደ ጭቃ ብቻ እንዲረጥብ ተደርጎ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ለአንድ ቀን ይዘጋል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው እርጥበት 75 በመቶ ላይ ይረጋል፤ መለኪያው 70 ካሳየ ሁልጊዜ 5 ነጥብ አጉድሎ እንደሚያነብ ታወቀ ማለት ነው። ሙቀት ከ24 ዲግሪ በላይ ከቆየ ደግሞ በቅጠሉ ውስጥ የነበረ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፤ ምልክቱ በልባሱ ላይ የሚታይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ነው። የደረቀ ሲጋር ጭሱ ይሞቃል፣ ልባሱም ይሰነጠቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ እርጥበት ሰጥቶ ለማዳን መሞከር ስንጥቁን ያባብሳል፣ ስለዚህ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መመለስ አለበት።

የቀረው ራሱ አጫሹ ነው። በሚጎረሰው ጫፍ ላይ ያለችው ቆብ ልባሱን ይዛ የምታቆይ ትንሽ የቅጠል ቁራጭ ናት፤ መቁረጥ የሚገባው ከላይዋ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉብታው ካለቀበት መስመር በታች ከወረዱ ልባሱ መፈታት ይጀምራል። ለመለኮስ ሽታ የሌለው ቡቴን ጋዝ ወይም ረጅም የእንጨት ክብሪት ይመረጣል፣ የክብሪቱ ድኝ ነዶ እስኪያልቅም ይጠበቃል፤ የቤንዚን ላይተርና ሻማ ሽታቸውን ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይተዋሉ። ነበልባሉ ቅጠሉን ሳይነካ ከበታቹ ተይዞ፣ ሲጋሩ በጣት እየዞረ ዙሪያው በእኩል እስኪጠቁር ይሞቃል፤ ሳብ የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ፍጥነቱም በደቂቃ አንድ ጊዜ አካባቢ ቢሆን ይበቃል። ቶሎ ቶሎ ሲሳብ የእሳቱ ሙቀት ይጨምራል፣ ጥሩው ቅጠል ሳይቀር ብዙ እንደተፈላ ሻይ ምሬት ብቻ ይሆናል። እኔ እስከማየው ድረስ ጀማሪዎች «ሲጋሩ መራራ ነው» ከሚሉባቸው ጊዜያት አብዛኛዎቹ በዚህ የሚገለጹ ናቸው፤ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ምሬቱን ከቀነሰው ጥፋቱ የማን እንደነበረ ይታወቃል።

ሲቀምሱ ሦስት ነገሮችን አለማምታታት ያስፈልጋል። ጉልበት የሚባለው ኒኮቲኑ በሰውነት ላይ የሚያሳድረው ውጤት ነው፤ የሚሰማውም በራስ፣ በሆድና በላብ እንጂ በምላስ አይደለም፣ ባዶ ሆድ ላይም ይበረታል። ክብደት ጭሱ አፍ ውስጥ የሚሰጠው የመሙላት ስሜት ነው፤ ስስ ወይም ቅባታማ ሊሆን ይችላል። ጣዕም ደግሞ ሌላ ነው፦ እንጨት፣ ቆዳ፣ ለውዝ፣ ቡና፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አፈር። ጉልበቱ ትንሽ ሆኖ ጣዕሙ የበለጸገ ሲጋር ብዙ ነው፤ ጉልበት ብቻ ኖሮት የሚነገር ጣዕም የሌለውም እንዲሁ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው ክፍል በእርግጥ በአፍንጫ የሚታወቅ ሽታ ስለሆነ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች አፋቸው ውስጥ ካለው ጭስ ጥቂቱን ብቻ በአፍንጫቸው በቀስታ ያስወጣሉ። በአፍ ብቻ «ትምባሆ ትምባሆ» ይል የነበረው በዚያች ቅጽበት ወደ ቅመምና ወደ እንጨት ይከፋፈላል። ይህ የሚደረገው ጭሱን ወደ ሳንባ ሳያስገቡ፣ አልፎ አልፎና በጥቂቱ ነው።

ሲጋር እያጠረ ሲሄድ ሙቀቱና በቀሪው ቅጠል ላይ የሚጠራቀመው ሬንጅ ስለሚጨምር ጣዕሙ ይለወጣል፤ በሦስት ከፍሎ መመዝገብ የተለመደውም በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ቅምር ከመጀመሪያው ሦስተኛ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር አዲስ ነገር ያመጣል፤ ደካማው ያው ሆኖ ይቀጥላል ወይም ይከርራል። የመጨረሻው ክፍል በሁሉም ሲጋር ላይ ሻካራ ስለሚሆን በእሱ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይደለም። አመዱ ነጭ መሆኑን እንደ ጥራት ማስረጃ የሚቆጥሩም አሉ፤ ቀለሙ ግን በዋናነት በአፈሩና በቅጠሉ ውስጥ ያሉ እንደ ማግኒዚየምና ካልሲየም ያሉ ማዕድናት ውጤት ነው።

ውጤት በቁጥር መስጠት ልማድ ሆኗል፤ ከ100 የሚሰጠው ነጥብም በጣም የተስፋፋው ነው። የእጅ ሥራ ከሲጋር ሲጋር ስለሚለያይ አንድ ፍሬ ብቻ ቀምሶ ስለ ሳጥኑ ሁሉ መናገር አይቻልም፤ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል። ስሙ የታተመበት የወረቀት ቀለበትና ዋጋው ፍርድን ስለሚያጣምሙ ቀለበቱ ተነሥቶ በቁጥር ብቻ መቅረቡ ይረዳል። በዚህ ላይ አንድ ፈተና መጨመር ይቻላል፦ ሌላ ሰው ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ሦስት ሲጋሮችን ቀለበታቸውን አንሥቶ ያዘጋጅ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ከአንድ ሳጥን የወጡ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ቀማሹ ግን የትኞቹ እንደሆኑ አይወቅ። በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይቀመሱና ነጥብ ይሰጣቸው። መንትዮቹ ለምሳሌ 87 እና 92 ካገኙ፣ አምስቱ ነጥብ ከጠቅላዩ እጅ ወይም ከቀማሹ የዕለቱ ሁኔታ የመጣ ነው፤ ያ ሰው በ90 እና በ92 መካከል ባለ ልዩነት ተመርቶ ሳጥን ሙሉ ሲጋር የሚገዛበት ምክንያት የለውም።